ሌቭል 60 ስንደርስ ሁላችንም መንታ የምንመስለው ለምንድን ነው?

ብረት_ለባሽ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

የምጫወተው ዋርክራፍት ክላሲክ (የድሮው ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት) ነው፣ ኤራ የሚባለው ሰርቨር ላይ። የውጭ ካርድ ስለሌለኝ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በየወሩ 14.99 ዶላሯን ይከፍልልኛል (ዕድሜ ይስጠው)። ሮግ ነኝ፣ አድብቶ የሚወጋው የተዋጊ ክፍል። ብለድፋንግ የሚባለውን የልብስ ስብስብ ለመሙላት ስምንት ወር ለፋሁ። ሱሪው ከአለቃ አውሬው ከራግናሮስ፣ ቆቡ ከዘንዶዋ ከኦኒክሲያ፣ የቀረው ብላክዊንግ ሌር ከሚባለው ቦታ። ትናንት ስምንተኛው ቁራጭ ወጣልኝ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቀይ ነው፣ ቆቡ ፊትን ይሸፍናል። ገዳይ ነው የሚያስመስለው።

ለብሼ በቀጥታ ኦርግሪማር ከተማ ባንክ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰው እንዲያየኝ ነዋ!

ዞር ስል አምስት ሮግ ቆመናል። አምስታችንም ቀይ። አምስታችንም ባለ ቆብ። የቱ እኔ እንደሆንኩ ለማወቅ መዝለል ነበረብኝ። የዘለለው እኔ ነኝ።

ሌቭል 20 እያለሁ ማንም ማንንም አይመስልም ነበር። ሁሉም ያገኘውን ደራርቦ ይሄዳል። ታዲያ ስንጠነክር ለምንድን ነው እንደ ተማሪ ዩኒፎርም የምንለብሰው? ሰው እንደ ልቡ የሚለብስበት ጨዋታ ካለ ጠቁሙኝ። ኮምፒውተሬ ደካማ ነው፣ ፒንጌም (የኢንተርኔት መዘግየቴ) 200 ነው። እሱን አትርሱ።

ቺፕስ_በአዋዜ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:25

«የዘለለው እኔ ነኝ» ሃሃሃሃ። ሞትኩ።

የሚትሪል_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:58

እኔ ያደግኩት ሩንስኬፕ ላይ ነው። ሰፈራችን ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ በሰዓት እየከፈልን። እዚያ ቀለሙ ነው ማዕረጉ። ነሐስ፣ ብረት፣ ስቲል፣ ጥቁር፣ ከዚያ ሚትሪል፣ አረንጓዴው አዳማንት፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ሰማያዊው ሩን። ቅርጹ ያው አንድ ነው፣ ብረቱ ብቻ ነው የሚቀየረው። ከሩቅ አይተህ «ይሄ ጀማሪ ነው፣ ይሄ ይገለኛል» ትላለህ።

ግን ሰው መለየት ይወዳል። ዳር ዳሩ ወርቅማ የሆነ፣ ትሪምድ የሚባል አርመር ነበር። መከላከያው ከተራው ጋር እኩል ነው፣ ጌጡ ብቻ ነው ልዩነቱ። የሚገኘውም ከሀብት ፍለጋው ሽልማት ብቻ ነው። ሌላ ተጫዋች ሊያስጌጥልህ አይችልም። እኔ ይህን አላውቅም!

አንድ ቀን ባንክ አጠገብ አንዱ «አርመር በነፃ አስጌጣለሁ» እያለ ይጮሃል። ሙሉ ሩኔን ሰጠሁት። ያን የደረት ጥሩር ለመልበስ እኮ ድራጎን ስሌየር የሚባለውን ተልዕኮ መጨረስ አለብህ፤ ስንት ጊዜ በዘንዶው እንደተቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጁ «አንድ ደቂቃ» አለኝ። ጠፋ። እስከ ዛሬ አንድ ደቂቃው አላለቀም።

የካፌው ባለቤት «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?» ሲለኝ «ኔትወርክ ነው» አልኩት።

ጋሽ_ኡልቲማ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

የሚትሪል ልጅ፣ አይዞህ፣ በዚያ ያልተበላ የለም። ሲያትል አብሮኝ ይሠራ የነበረ ትልቅ ሰው ጭምር ተበልቷል።

እኔ ኡልቲማ ኦንላይን በ1997 ሲወጣ የጀመርኩ ነኝ (የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ዕድሜዬን እንዳትጠይቁኝ። ያኔ ማቅለሚያ ገንዳ ነበረን። ጨርቁን እየነከርክ ቀለሙን ትለውጣለህ፤ ሰው ገበያ ላይ የቆመ የጥለት ሱቅ ይመስል ነበር።

ብረት ለባሽ፣ የጥያቄህ መልስ አጭር ነው። መልኩና ጉልበቱ አንድ ዕቃ ላይ ስለተሰፉ ነው። ስብስቡን ስትሞላ ጉርሻ ይሰጥሃል። ጉርሻ ደግሞ ማን ይጥላል? አርባ ሰው ሆነን ሬይድ (የቡድን ዘመቻ) እየገባን፣ አንዱ «እኔ ሰማያዊ ይሻለኛል» ብሎ ደካማ ዕቃ ቢለብስ የጊልዱ (የማኅበራችን) መሪ ነበር የሚያወልቅለት። ጠንካራው ዕቃ ለየክፍሉ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም እሱኑ ይለብሳል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። በጥር 2007 በርኒንግ ክሩሴድ የሚባለው የዋርክራፍት ተጨማሪ ምዕራፍ ወጣና አውትላንድ የሚባል አዲስ ምድር ገባን። ገና የመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎች ላይ የሚሰጡን አረንጓዴ (ዝቅ ያለ ደረጃ) ዕቃዎች፣ ለወራት የለፋንበትን የሬይድ አርመር በለጡት። ምን እናድርግ? እያዘንን አወለቅን። ወይን ጠጅ ሱሪ፣ ብርቱካናማ ትከሻ፣ አረንጓዴ ጓንት፣ ዓሣ ማስቀመጫ የመሰለ የራስ ቁር። ፈረንጆቹ «የክላውን ልብስ» አሉት። ልዩነት ከተባለ ያ ነበር ልዩነት! ሁለት ሰው አይመሳሰልም። ግን ሁላችንም አስቀያሚዎች ነበርን። ስለዚህ ልጄ፣ የሚያምርህ መለያየቱ ብቻ አይመስለኝም። መምረጡ ነው።

ምርጫው የመጣው በኖቬምበር 2011 በዋርክራፍት ፓች (ማሻሻያ) 4.3 ነው። ትራንስሞግ ይሉታል። የአዲሱን ዕቃ ጉልበት ይዘህ የአሮጌውን መልክ ትሰጠዋለህ። መጀመሪያ ላይ ግን አሮጌው ዕቃ ራሱ እጅህ ላይ መኖር ነበረበት። ባንኬ ጢም አለ። ለዚሁ ብለው ተጨማሪ መጋዘን ከፈቱ፣ እሱም ሞላ። ባለቤቴ «የእኔን ቁም ሳጥን ትናገራለህ!» ትለኝ ነበር። መልኩን ብቻ የሚመዘግብ ቁም ሳጥን የሠሩልን በ2016፣ ሊጅን የሚባለው ምዕራፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ብሸጠውም መልኩ የእኔ ነው።

አንተ ያለህበት ክላሲክ ኤራ ግን ይሄ የለውም። 2004ን ፈልገህ ገባህ፣ 2004ን ከነዩኒፎርሙ ተቀበል።

ለምድ_የለበሰ · ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ትራንስሞግ ጨዋታውን ገደለው ባይ ነኝ።

ድሮ ሰው ስታይ ታሪኩን ነው የምታየው። ያን ትከሻ ከለበሰ ያን አውሬ ገድሏል፣ አለቀ። ከፊቱ ቆመህ ታፈጥበታለህ፣ «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለህ። እኔ ጊልድ የገባሁት እንደዚያ ጠይቄ ነው። ዛሬ የሃያ ዓመት ቅርስ የለበሰው ሰውዬ፣ ትናንት ብቻውን ገብቶ በአምስት ደቂቃ የሰበሰበው ነው። ሌቭሉ ስለበለጠ አውሬው በአንድ ምት ይወድቃል።

በአባቶቻችን ዘመን የአንበሳ ጎፈር ዝም ብሎ ይደረግ ነበር? ለምድ ዝም ብሎ ይደረብ ነበር? ሥራ አለው። ልብሱ ይመሰክራል። እኔ የማይመሰክር ልብስ ምን ያደርግልኛል?

ማርቲ_ፖሊጎን · ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ለምድ የለበሰ፣ በስምህ መጀመርህን ወድጄዋለሁ።

ለመሆኑ የካቲት 23 ፒያሳ ወጥተህ ታውቃለህ? ጎፈር ያደረገው ሁሉ አንበሳ ገድሎ ነው? ጋሻ ይዞ የሚፎክረው ጎረምሳ ሁሉ ዘምቶ ነው? አይደለም። ማንም ግን አልተታለለም። ሁሉም ያውቃል። ደግሞ ያምራል! ልብስ ምስክር ብቻ አይደለም፣ መታሰቢያም ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ሦስት አቅጣጫ ሞዴል እሠራለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። «ለምን ብዙ ዓይነት አይሠሩም?» ለምትሉ አንድ ትከሻ ብቻ ልውሰድ።

ብረቱን ትቀርጸዋለህ። ቴክስቸር (የገጽ ሥዕል) ትቀባዋለህ። ከካራክተሩ አጥንት ጋር ታያይዘዋለህ። ቆሞ ሲታይ ንጉሥ ይመስላል። ከዚያ ካራክተሩ ሰይፍ ሊያነሳ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ትከሻው ጆሮው ውስጥ ይገባል። ታስተካክላለህ። አሁን ሲሮጥ ብብቱ ውስጥ ይሰምጣል። እሱንም ታስተካክላለህ። ይሄ አንድ አካል ላይ ነው። ዋርክራፍት ሲወጣ 8 ዘር ነበረው፣ በፆታ ሲባዛ 16 አካል። ኖሙ ጉልበት ላይ ይደርሳል፣ ታውረኑ ደግሞ ቀንዳም በሬ ነው። የራስ ቁር ለ16ቱም ለየብቻ ተሠርቷል። ዛሬ ዘሩ ከ20 በላይ ሆኗል። አባዙት እንግዲህ።

ስለዚህ ምን አደረጉ? ብልሃት። የድሮው ዋርክራፍት ደረትና ሱሪ እኮ ብረት አይደለም። ገላ ላይ የተቀባ ሥዕል ነው። ካላመናችሁ ካሜራውን ወደ ጎን አዙራችሁ እዩት፤ ውፍረት የለውም። ኩርባው፣ ጥላው፣ የብረቱ ብልጭታ፣ ሁሉም በብሩሽ ነው። እውነተኛ ቅርጽ ያላቸው ትከሻ፣ ራስ ቁር፣ ካባና የመሳሰሉት ናቸው። የዋርክራፍት ትከሻ የቤት ጣሪያ የሚያክለውም በእኔ ግምት ለዚህ ነው። ካሜራው ከኋላና ከላይ ነው፣ ደረቱ ሥዕል ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ሌላ ምን ቀረ?

ሌላው ብልሃት ቀለም መቀየር ነው። አንድ ስብስብ ይሠሩና ለቀላሉ ሬይድ አንድ ቀለም፣ ለከባዱ ሌላ፣ ለመጨረሻው ሌላ። ሰው «ሰነፎች» ብሎ ይሳደባል። እኔ አልሳደብም። ሌሊቱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ብር ያላቸውም ይሸነፋሉ። ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2019 ባለ ጥንቸል ጆሮዎቹን ቪዬራዎችና አንበሳ መሳዮቹን ህሮትጋሮች ሲያመጣ፣ አብዛኛው ቆብ እነሱ ላይ አይታይም ነበር። ጆሮው የት ይግባ? ተጫዋቹ ለዓመታት ጮኸ፤ እነሱም ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው ያስተካከሉት።

አንድ ነገር ሳልናገር አልተኛም። የድሮ ጨዋታዎች ላይ አንዱ ሱሪ ወንዱ ላይ ሙሉ ብረት ነው። ያው ሱሪ፣ ያው ስም፣ ያው መከላከያ፣ ሴቷ ላይ የዋና ልብስ ይሆናል። ይሄኛው የወጪ ጉዳይ አይደለም። ብረቱን መቀነስም ሥራ ነው፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቀንሶታል።

ሰኮና_በኩር · ረቡዕ፣ ማታ 2:52

ማርቲ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ የዓመታት ቁስሌን ነካሽው። ታውረን ነኝ።

ለአንድ ጫማ ሦስት ሳምንት ሬይድ ገባሁ። ከሁለት ሰው ጋር ዕጣ ተጣጥዬ አሸነፍኩ። ጓደኞቼ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ለበስኩት።

ሰኮና። ያው ሰኮናዬ ነው። ባዶ እግሬን ነኝ።

ቺፕስ_በአዋዜ · ረቡዕ፣ ማታ 2:55

ቢያንስ ጭቃ ሲረግጥ አይበላሽም።

ጥቁር_ዞን · ረቡዕ፣ ማታ 5:20

እኔ ደግሞ ተቃራኒ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ቢመሳሰል ደስ ይለኛል። ዱባይ ነው ያለሁት፣ በሥራ እረፍት በስልክ አልቢዮን ነው የምጫወተው። መፈክራቸው ራሱ «የለበስከውን ነህ» ነው። ክፍል የሚባል ነገር የለም። ችሎታው ያለው ልብሱና መሣሪያው ላይ ነው። ጨርቅ ከለበስክ አስማተኛ፣ ብረት ከለበስክ ታንክ (ምት ተቀባይ)። ነገ ሌላ ለብሰህ ሌላ ሰው ትሆናለህ።

ጥቁሩ ዞን ውስጥ ከሞትክ የለበስከውን ሁሉ ነው የምታጣው። ስለዚህ ሰው ከዛፍ ጀርባ ብቅ ሲል መጀመሪያ የማየው ልብሱን ነው። አንድ ሰከንድ አለኝ። ልሩጥ ወይስ ልግጠም? በዚያች ሰከንድ የሰውዬውን የፋሽን ምርጫ ማድነቅ አልችልም።

ጊልድ ዋርስ 2 ይሄ ገብቶታል። እንደፈለግህ ልበስ፣ አቅልም ይልሃል፤ ሰው ለሰው ውጊያ ላይ ግን ጠላትህን ሁሉ በአንድ መደበኛ መልክ የሚያሳይህ ምርጫ አለው። የእሱ ውበት ለእሱ፣ የእኔ ዓይን ለእኔ።

ጋሽ_ኡልቲማ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2:05

ጥቁር ዞን ልክ ነህ። በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር እየተጠየቀ ነው፤ መዋጊያውና መኳያው።

ሲቲ ኦቭ ሂሮስን የሚያውቅ አለ? በ2004 ነው የወጣው፣ ከዋርክራፍት ጥቂት ወራት ቀድሞ። እዚያ ልብሱ ከጉልበቱ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ገና ሌቭል 1 ሳትሆን ቁጭ ብለህ የፈለግኸውን ትሠራለህ። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰዓት አለባበስ ስመርጥ ጨዋታው ሳይጀመር ተኛሁ። ከተማው መሐል ቆመህ አንድ ሰዓት ብትጠብቅ ሁለት ተመሳሳይ ሰው አታይም።

ለምድ የለበሰን የሚያስደስተው ግን ይሄ ነው። ሲወጣ ካባ አልነበረውም። ጀግና ያለ ካባ! ካባው ገና አልተዘጋጀም ነበር፣ በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ግን «ለሞተው ታላቅ ጀግና ሐዘን ላይ ስለሆንን ካባ አንደርብም» አሉን። ወር ቆጥረው ሲጨርሱት፣ ሌቭል 20 ደርሰህ አንድ ተልዕኮ ስትፈጽም ካባ ትደርባለህ ተባለ። ሌቭል 30 ላይ ደግሞ ገላህን የሚከብብ ብርሃን። ሁሉም ነገር ነፃ፣ ካባው ግን በሥራ። ያን ካባ የደረብኩበት ማታ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ከፎቅ ጫፍ ላይ ዘልዬ ሲውለበለብ እያየሁ ወረድኩ።

ኖቬምበር 30 ቀን 2012 ተዘጋ። አድናቂዎቹ በራሳቸው ሰርቨር አስነሡት፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሆምካሚንግ የሚባሉት ፈቃድ አግኝተዋል። ብረት ለባሽ፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሄድልሃል፣ ክፍያም የለውም።

አስራ_አምስት_ኬ · ሐሙስ፣ ቀን 9:30

ጋሼ ካባውን ካነሡ እኔ የመጀመሪያውን ጊልድ ዋርስ ላንሣ። 2005። ወርኃዊ ክፍያ የለም፣ አንዴ ትገዛለህ። በድሮ ላፕቶፕ ይሄዳል።

አርመሩ እንዲህ ነው። በመከላከያ ከፍተኛው የሚባለው በአንድ ቁራጭ 1 ፕላቲነም (የጨዋታው ገንዘብ) ነው። ማንም ሊገዛው ይችላል። ያው ከፍተኛ መከላከያ ያለው፣ አንዲት ነጥብ የማይበልጥ ሌላ አርመር አለ፤ በአንድ ቁራጭ 15 ፕላቲነም። አምስቱን ስትሞላ 75፣ ዕቃው ሳይቆጠር። ስሙም 15ኬ ቀረ፣ የእኔም ስም ከእሱ ነው። የዚያ ሁሉ አለቃ ደግሞ ኦብሲዲያን ነው፤ ፊሸር ኦቭ ዎ የሚባል ሲኦል ውስጥ ገብተህ ነው የምታሠራው፣ ኤክቶፕላዝም የሚባለው ማሠሪያ ዕቃ ብቻ ከመቶ ፍሬ በላይ ነው።

አስቡት። ድሃው ከሀብታሙ እኩል ይዋጋል። ሀብታሙም የለፋበት ይታይለታል። ለምድ የለበሰ የሚፈልገው ምስክርነት አለ፣ ብረት ለባሽ የሚፈልገው ምርጫ አለ። በአርመር ብዛት ከዛሬዎቹ ያንሳል፤ ግን ከተማ ውስጥ ኦብሲዲያን የለበሰ ሲያልፍ ወሬ ይቆማል።

ለምድ_የለበሰ · ሐሙስ፣ ቀን 9:48

ይሄንን እቀበላለሁ። በላብ ከሆነ ችግር የለብኝም።

የዛሬው ግን በላብ ነው? ቆንጆው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ነው። ሬይድ ላይ የምታገኘው ቡናማ ከረጢት፣ በዶላር የሚሸጠው ክንፍና እሳት። ብላክ ዴዘርትን እዩ። ለፍተህ የምታሻሽለው አርመር ከሱቅ በተገዛ ልብስ ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

ማርቲ_ፖሊጎን · ሐሙስ፣ ማታ 1:15

እዚህ ላይ አልከራከርህም። ክንፉን የሚሠራው ሰው ደመወዝ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ግን አልከራከርህም።

አንድ ነገር ልጨምር ለብረት ለባሽ፤ ኮምፒውተርህ ደካማ ነው ብለሃልና። መቶ ሰው አንድ አደባባይ ላይ ሲቆምና መቶውም የተለያየ ሲለብስ፣ ማሽንህ የእያንዳንዱን ቴክስቸር ሜሞሪ ውስጥ መጫን አለበት። አምስቱ ቀይ ሮጎች አንዱን ሥዕል ይጋራሉ። ልዩነት ራም ይበላል። ያ ዩኒፎርም ያስለቀሰህን ያህል ኮምፒውተርህን አሳርፎታል።

የሚትሪል_ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 1:22

እውነት ነው፤ እኔ ስልክ ላይ ሰው ሲበዛ ሌላውን ተጫዋች ሁሉ አጠፋለሁ። የሰው 15ኬ ለእኔ ስም ብቻ ነው የሚታየኝ።

ብረት_ለባሽ · ቅዳሜ፣ ማታ 4:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉኝን አወረድኩት፤ ሌቭል 9 ነኝ። ልክ ነዎት፣ አለባበስ ስመርጥ መብራት ጠፋና እንደገና ጀመርኩ።

ክላሲኩንም አልተውኩትም። ማታ ገባሁ። ባንክ በር ላይ ያው ቀያዮቹ ቆመዋል። ትራንስሞግ የለም፣ ግን የራስ ቁርን መደበቅ ይቻላል፤ ማስተካከያው ውስጥ አንዲት ምልክት ማጥፋት ነው። «ቢያንስ ፊቴ የእኔ ይሁን» ብዬ ቆቡን አጠፋሁት።

አንዴድ ነኝ፣ ከሞት የተነሣው ዘር። ፊት የመረጥኩት ካፌ ውስጥ ነው፣ ሰዓት እየቆጠረብኝ፤ የመጣልኝን የመጀመሪያውን ፊት ተቀብዬ ነበር የገባሁት።

ጎኔ የቆመው ሮግ አየኝ መሰለኝ፣ እሱም ቆቡን አጠፋ።

ያው ፊት። ያው ፀጉር።

ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ።